ከኋላ የሚመጣው ሞተር

ጥቅምት 12

ይድረስ ለአጎቴ፣ ለጋሼ፤

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ ጤናዎ የተሟላ፣ ሞተርዎም የማያስቸግር እንዲሆን እየተመኘሁ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። እኔ ደህና ነኝ። በስልክ ስንገናኝ ሁለታችንም «ደህና፣ ደህና» ተባብለን ስለምንዘጋው፣ እንደተስማማነው ወሬዬን ጽፌዋለሁ።

እዚህ ሰው አገር ሥራዬን ለምጄዋለሁ። አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያሉት አሥራ አራቱ በእኔና በአንዲት ባልደረባዬ እጅ ናቸው። ከሁሉም የሚብሱብን ካፒቴኑ ናቸው። ባሕር ላይ ወጥተው አያውቁም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሊፍት ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ካፒቴን ያልናቸው ትእዛዝ ስለሚያበዙ ነው። ጠዋት ጠዋት መንገዱን አሻግሬ መናፈሻው ውስጥ አግዳሚ ላይ አስቀምጣቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ቀን ጉድ ሆኜ ነበር። ክንዳቸውን ይዤ ዜብራው ጫፍ ስንደርስ አንድ ሞተረኛ ሲመጣ አየሁና፣ እንደ ልማዴ ሽማግሌውን ወደ ኋላ ጎትቼ ቆምኩ። ሞተረኛው ቆመ። በእጄ «እለፍ» አልኩት። እሱም በእጁ «እለፉ» አለኝ። እንደገና እለፍ አልኩት፤ እሱም እንደገና። ይኼኔ ካፒቴኑ «ልጄ፣ ሰማንያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ ቶሎ ብትወስኑ ደስ ይለኛል» አሉኝ።

ተሻግረን ካስቀመጥኳቸው በኋላ ዕንባዬ መጣ። ለእኔ ብሎ ሞተር ያቆመ ሰው ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅማ።

እንግዲህ ልጠይቅዎ፤ እርስዎስ ይቆማሉ? ከኋላዎ ተቀምጬ ስንቱን ዜብራ እንደ በረርነው ስለማውቅ አይዋሹኝ። ሁሉም ጋ ይቁሙ አልልም። ከእናቴ ቤት ወረድ ብሎ ላውንደሪው ፊት ያለው ላይ ብቻ ይቁሙልኝ። ሲቆሙም እግረኞቹን በእጅዎ ይጥሯቸው፤ ካልተጠሩ አያምኑም። ከሩቅ እንዲታይልዎ ነጭ መስመር ያለበት ጓንት ልኬያለሁ። ሲቆሙ የሆነውን ሁሉ አንድ ሳያስቀሩ ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ

—

ኅዳር 3

ለእህቴ ልጅ፣ ለዳኛዬ፤

ከራስ ፀጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ ሰላም ይብዛልሽ። እናትሽ ጉልበቷን ያማታል፤ እኔን ለመቆጣት ግን አልደከመችም። ጓንቱ ደርሶኛል። አድርጌው ስወጣ ጎረቤቱ ሁሉ ትራፊክ ፖሊስ የተቀጠርኩ መስሎት ነበር።

በልጅነትሽ የሰፈሩን ጨዋታ ሁሉ ስትዳኚ ምንም ብንለማመጥሽ ፍርድሽን አታነሺም ነበር፤ አሁን ደግሞ እኔ ላይ ፈረድሽ። እውነትሽን ነው፣ አልቆምም ነበር። ግን የኔንም ስሚ። ሥራዬን ታውቂዋለሽ፤ ከስምንት ትንንሽ ክሊኒኮች የሰው ደም በብልቃጥ እሰበስብና በበረዶ ሳጥን ከኋላዬ አስሬ ትልቁ ላቦራቶሪ አደርሳለሁ። በሰዓቱ ካልደረሰ ይበላሻል፤ ከተበላሸ በሽተኛው እንደገና ይወጋል። ስለዚህ እግሬን መሬት ባወረድኩ ቁጥር አንድ ሰው ክንዱ ላይ መርፌ የሚሰካበት ይመስለኛል።

ቢሆንም ያልሽውን አደረግኩ። ሰኞ ጠዋት ላውንደሪው ፊት ቆምኩ። ዳር ላይ አምስት ሰው ነበር፤ አንዱም አልተነቃነቀ። አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው «ተንፍሶብህ ነው?» እያሉ ጎማዬን አዩልኝ። ሌላው ደግሞ «ማንን ነው የምትፈልገው?» አለኝ። ማክሰኞም እንዲሁ አፍሬ ሄድኩ።

ረቡዕ ግን ልብስ ተኳሿ ነበረች። ተኳሽ ስልሽ ጠመንጃ የያዘች እንዳይመስልሽ፤ ላውንደሪው ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆማ ሸሚዝ የምትተኩስ፣ በዕድሜ እኩያዬ የምትሆን ሴት ናት። አራት ዓመት በዚያ ሳልፍ አያታለሁ። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ ይዛ መንገዱ ጭር እስኪል ትጠብቃለች። በጓንቱ ጠራኋት። አየችኝ እንጂ አልወረደችም። እንደገና ጠራኋት። ወረደች፤ ተሻገረች፤ ማዶ ስትደርስ ዞር ብላ እጅ ነሳችኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሞተር ነድቻለሁ፣ እንደዚያ ጠዋት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አሁንማ ለምዳኛለች። ሞተሬን ከሩቅ ታውቀዋለች። እጄን ሳነሳ ወዲያው ትወርዳለች፤ እንደ ድሮው ግራ ቀኝ ማለት ቀርቷል። ላንቺ ብዬ የጀመርኩትን አሁን ለራሴ ነው የማደርገው።

አጎትሽ

—

ኅዳር 29

ለጋሼ፤

ሰላምዎ እንደ ደብዳቤዎ ረጅም ይሁን። ደብዳቤዎን በምሳ ሰዓት ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ቆሜ ነው ያነበብኩት። ጎማዎን ያዩልዎት ሽማግሌ ጋ ስደርስ ሳቄ አምልጦኝ ባልደረባዬ ምን ነካሽ አለችኝ።

ለካፒቴኑ ሁሉንም ነገርኳቸው። አሁን ጠዋት ስቀሰቅሳቸው ከእንደምን አደርሽ በፊት «አጎትሽ ቆመ ወይ?» ነው የሚሉኝ። ቆመ እላቸዋለሁ። «ልብስ ተኳሿስ ተሻገረች?» ይሉኛል። ተሻገረች እላቸዋለሁ። ከዚያ ለመልበስ ይስማማሉ።

እኔም በእርስዎ እኮራለሁ፤ አፌን ሞልቼ ነው የምለው። ሌላስ ሰው መቆም ጀመረ? ልብስ ተኳሿስ አናግራዎት ታውቃለች? ይጻፉልኝ እንጂ።

የእህትዎ ልጅ

—

ጥር 4

ለጋሼ፤

ጤናዎን እየተመኘሁ ይቺን አጭር ወረቀት ሰድጃለሁ። መልስዎ ስለዘገየብኝ ደብዳቤዬ መንገድ ላይ ጠፍቶ ይሆናል ብዬ ነው። እናቴን በስልክ ብጠይቃት «ደህና ነው» አለችኝ፤ ጥያቄዬን ሳልጨርስ ነው ግን የመለሰችልኝ። ሥራ በዝቶብዎት ከሆነ ሁለት መስመርም ይበቃኛል።

የእህትዎ ልጅ

—

ጥር 20

ለዳኛዬ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። ደህና ነኝ፤ ብርዱ ትንሽ አስቸግሮኝ ነበር። ጓንቱ ጠፍቶብኛል፤ አትቀየሚኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እናንተ ጋ አንዱ ሞተር ዜብራ ላይ ሲቆም፣ ከኋላው የሚመጣው ሞተር ምን ያደርጋል? የሰማሽውን ሳይሆን ያየሽውን ጻፊልኝ።

ሌላው ደግሞ፣ ቅልጥሙ ተሰብሮ ጄሶው ለወጣለት ሰው የሚሆን፣ እንደ ቦት ያለ በማሰሪያ የሚጠብቅ ጫማ አለ አሉ። እዚያ ይገኛል? የሚፈልገው አንድ የማውቀው ሰው ነው። ላውንደሪው ያለበትን መንገድ ትቼዋለሁ፤ አሁን ወደ ሥራ በሌላ መንገድ ዞሬ ነው የምሄደው።

አጎትሽ

—

የካቲት 11

ለጋሼ፤

እንደምን ሰነበቱ ብዬ መጠየቁን ዛሬ ፈርቼዋለሁ፤ ቢሆንም እንደምን ሰነበቱ?

ከኋላ ስለሚመጣው ሞተር ጠየቁኝ። ደብዳቤዎን ሳነብ ክው ነው ያልኩት። አንድ ቀን እንኳ ልብ ብዬ አይቼው አላውቅማ። የማየው ለእኔ የቆመውን ብቻ ነበር። እሑድ ዕረፍቴ ስለሆነ ዜብራው ዳር ሄጄ አንድ ሰዓት ቆምኩ። ያየሁት ይኸውልዎ፤ የፊተኛው መስመሩ ላይ ደርሶ አይቆምም፤ አምስት ስድስት እርምጃ ሲቀረው ነው የሚቆመው። ዳር አይዝም፣ መሃል መንገድ ላይ ነው። የኋለኛው ሲደርስ ለማለፍ ቦታ የለውም፤ እግረኛውንም ያያል፤ ስለዚህ ይቆማል። በእጁ የሚጠራ ደግሞ አንድም አላየሁም። ያን ቀን ያ ሰውዬ የጠራኝ እኔ እንደ እንጨት ተገትሬ ስላስቸገርኩት ነው እንጂ የሞተረኞቹ ልማድ አልነበረም። እኔ ግን ልማድ መስሎኝ ይጥሯቸው ብዬ ጻፍኩልዎት።

ጫማውን በሌላ ፖስታ ልኬያለሁ፤ ከምሠራበት ቤት ድና የወጣች አሮጊት ትታው የሄደችው ነው፤ አዲስ ያህል ነው።

ጋሼ፣ የሚያውቁት ሰው ማን ነው? ሰው ገጩ እንዴ? የሆነውን ይንገሩኝ። ምንም ቢሆን ከእርስዎ ብሰማው ይሻለኛል።

የእህትዎ ልጅ

—

መጋቢት 2

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምሽ ይብዛ። ጫማው ደርሷል፤ ልክ ሆኗታል። እንግዲህ አልሸሽግሽም።

እኔ አልገጨሁም። ኅዳር 24 ቀን ነው። እንደ ወትሮው መስመሩ አፍ ላይ ቆምኩ። ልብስ ተኳሿን ጠራኋት። እንደ ወትሮዋ ወዲያው ወረደች። ከኋላዬ አንድ ዳቦ የሚያመላልስ ሞተረኛ ይመጣ ነበር። መንገድ ላይ መቆሜን ሲያይ ሞተሬ የተበላሸብኝ መሰለው። ለሰው ተብሎ የቆመ ሞተር አይቶ አያውቅማ። በግራዬ ጠምዝዞ ሊያልፈኝ ሲል እሷ ከፊቴ ብቅ አለች። እጄ ገና እንደ ተዘረጋ ነበር።

ገጫት፤ ቅልጥሟ ሁለት ቦታ ተሰበረ። ሰው ከበበን። «ማን ጠራት?» ሲባል ሁሉም ወደ እኔ አሳዩ። ትራፊኩ ለካ፣ ጻፈና «አንተ ጥፋት የለብህም፣ ሂድ» አለኝ። ወዴት ነው የምሄደው? እዚያው ቀረሁ። ሳጥኑ ፀሐይ ላይ ቀርቶ የዚያን ቀን ደም ሁሉ ተበላሸ።

በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ሄድኩ። አፌን ሳልከፍት እሷ ቀደመችኝ። «አራት ዓመት ቆሜ ስጠብቅ አንድ ቀን ምንም ሆኜ አላውቅም። አንተን አምኜ ነው ወደ ጎን ያላየሁት» አለችኝ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፤ በቀስታ ነው ያለችኝ።

ካፒቴኑ «አጎትሽ ቆመ ወይ» ይሉኛል ያልሽበት ደብዳቤ የደረሰኝ ከዚያ በኋላ ነው። አንብቤ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ለምን አልጻፉልኝም ትይኝ ይሆናል። የሆነው ያልሽኝን ሳደርግ ነዋ። ብነግርሽ ያንቺም ሸክም ይሆናል ብዬ ሆድ ይፍጀው አልኩ። እናትሽንም እንዳትነግርሽ አስምያታለሁ። ጓንቱም አልጠፋም፤ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ላየው ስላልፈለግኩ ነው።

የላውንደሪውን ባለቤት ለምኜ ሸሚዞቹን ቤቷ ሆና ቁጭ ብላ እንድትተኩስ ፈቅዷል። ጠዋት ወስጄ ማታ እመልሳለሁ። መጀመሪያ በሩን ከፍታ ሸሚዞቹን ተቀብላኝ ትዘጋው ነበር። አሁን አንገትጌው የተጨማደደ ሸሚዝ ካመጣሁ ትቆጣኛለች። ከሚቆጣን ሰው ጋር ገና ተስፋ አለ።

የቸገረኝ ሌላ ነው። የላውንደሪው ባለቤት ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ካልተመለሰች ቦታዋን ለሌላ እንደሚሰጥ ነግሯታል። መመለስ ትፈልጋለች፤ ዜብራውን ግን መርገጥ አልቻለችም። አንድ ቀን ይዣት ሄጄ ነበር። ዳሩ ላይ ስትደርስ ላብ አጠመቃትና «መልሰኝ» አለችኝ። በእግረኛ ድልድዩ ካልዞረች ሌላ መንገድ የለም፤ ስልሳ ደረጃ ወጥታ ስልሳ መውረድ አለባት። በዚያ እግር ከሳምንት በላይ አትችለውም።

እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ለማንም ቆሜ አላውቅም። ብቆም አስገጫለሁ፤ ባልቆም ዳር ላይ ትቀራለች። እስቲ አንቺ ፍረጂ።

አጎትሽ

—

መጋቢት 24

ለጋሼ፤

ፈጣሪ ያጽናዎት፤ እሷንም ይማርልን።

ሦስት ቀን ካፒቴኑን ሳላሻግር ቀረሁ። እግሬን አመመኝ ብዬ ዋሸሁ። እዚህ ሆኜ፣ እኔ የማልነዳውን ሞተር የት እንደሚያቆሙና እጅዎን እንዴት እንደሚዘረጉ አዘዝኩዎት። ከኋላዎ ማን እንደሚመጣ ግን አላሰብኩም። ጥፋቱን ለብቻዎ ተሸክመውት ሰንብተዋል፤ ግማሹ የኔ ነው። ፍረጂ አይበሉኝ፤ ከእንግዲህ አልፈርድም።

በአራተኛው ቀን ካፒቴኑ ኮታቸውን ለብሰው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰሙኝና «እኔ ሊፍት ሠሪ ነኝ» አሉኝ። አውቃለሁ አልኳቸው። «በሩ ሲያስቸግር ሰውን ግቡ ግቡ ብዬ ጠርቼ አላውቅም። ሰው የሚገባው ሲያምን ነው። የኔ ሥራ ሊፍቱ እንዳይንቀሳቀስ መያዝ ነበር» አሉኝ። ይህን ከእሳቸው የሰማሁትን ነው የምጽፍልዎ፤ ያድርጉ አላልኩም።

ለልብስ ተኳሿ አንድ ገጽ ጽፌ አብሬ አድርጌዋለሁ። ይቅርታ ልጠይቃት ነው። ቢያነቡላትም ባያነቡላትም ለእርስዎ ትቼዋለሁ። የሚሆነውን ግን ይጻፉልኝ፤ ክፉም ቢሆን።

የእህትዎ ልጅ

—

ሚያዝያ 9

ለእህቴ ልጅ፣ ለዳኛዬ፤

ሰላምታዬ ከዚህ እስከዚያ ይድረስሽ። እናትሽ አሁን ምላሷ ተፈቷል፤ በስልክ ብትጠይቂያት ሁሉንም ትነግርሻለች፤ እኔ ግን ቀድሜያት ልጻፍልሽ።

ወረቀትሽን አነበብኩላት። እስክጨርስ ካውያዋን አላነሳችም። ከዚያ ተቀበለችኝ፤ በሸሚዝ ጨርቅ ሸፍና ተኮሰችውና አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ልጅቷ አትጨነቅ፣ ትተኛ በላት» አለችኝ። ይኸው አልኩሽ።

ከዚያ ባለዳቦውን ፍለጋ ዳቦ ቤቱ ሄድኩ። ወፍራም፣ ሳቂታ ሰው ነበር አሉ፤ ከስቷል። እሱም ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ መንገድ አልፎ አያውቅም፤ ዞሮ ስለሚሄድ ዳቦው ቀዝቅዞ እየደረሰ ደንበኛ ሸሽቶታል። «እኔ እኮ ሞተርህ የተበላሸ ነው የመሰለኝ» አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። ምን ላድርግ ሲለኝ የሊፍት ሠሪውን ነገር ነገርኩት።

ሰኞ፣ እሷ ወደ ሥራ በተመለሰችበት ጠዋት፣ መስመሩ ስድስት እርምጃ ሲቀረኝ ሞተሬን መንገዱ ላይ አግድም አቆምኩት። አጠፋሁት፣ ወረድኩ። ባለዳቦውም በማዶው መስመር እንዲሁ አደረገ። ጀርባዬን ለዜብራው ሰጥቼ፣ ፊቴን ከኋላዬ ወደሚመጡት አዙሬ፣ ሁለት እጄን አነሳሁ። ጓንቱን ከመሳቢያ አውጥቼ አድርጌዋለሁ። እሷን አልጠራኋትም። አላየኋትምም።

ክላክሱ፣ ስድቡ! እናትሽ ያላለችኝ የቀረ ነገር ካለ እዚያ ሰማሁት። እጄን አላወረድኩም። ብዙ ቆይቼ ዞር ስል፣ ልብስ ተኳሿ በክራንቿ ወደ ድልድዩ ስትሄድ አየኋት። አልተሻገረችም። ማክሰኞም እንዲሁ ሆነ። ልጠራት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ነክሼ ያዝኩት።

ረቡዕ ከፊቴ የቆመው የውሃ ጀሪካን የጫነ ሞተረኛ ነበር። እንደ እሱ የነዘነዘኝ የለም። «አንተ ሰውዬ፣ መንገዱ ያባትህ ነው?» አለኝ። ክላክሱን ተጭኖት ቀረ። በመሃል ተወው። ሄልሜቱን አወለቀና በትከሻዬ ላይ አሻግሮ ማየት ጀመረ። ከኋላው ያሉትም አንድ በአንድ ዝም አሉ። እኔ ዓይኑን ነው የማየው፤ ዓይኑ ከግራ ወደ ቀኝ በጣም በዝግታ ይሄዳል። ዞሬ ባይ የምትደነግጥ መሰለኝና አልዞርኩም።

ከዚያ ሰውየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባት፣ አልፋለች እኮ» አለኝ።

ዞርኩ። ላውንደሪው በር ላይ ደርሳ ክራንቿን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቁልፍ ትፈልጋለች። ዞራ አላየችኝም። ከፍታ ገባች። ባለዳቦው ማዶ ሞተሩ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በክንዱ ይጠርጋል። እኔም ሞተሬን ማስነሳት አቃተኝ፤ ያ የጀሪካኑ ሰውዬ ነው ወርዶ ያስነሳልኝ።

ደሙ አልተበላሸም፤ ግን ዘጠኝ ደቂቃ ዘግይቼ ደረስኩ። ላቦራቶሪው ጋ የምትረከበኝ ልጅ ለዘገየ ሰው ምክንያት የምትጽፍበት ቅጽ አላት፤ ጎማ፣ ዝናብ፣ መጨናነቅ እያለች ነው የምትሞላው። «ምን ልበል?» አለችኝ። «ሰው እየተሻገረ ነበር በይ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና ጻፈችው።

«ነገስ ምን ልጽፍ ነው?» አለችኝ።

«ነገም እሱኑ ጻፊ» አልኳት።

አጎትሽ